የተደፋው በርጩማ

ቦንጋ
መስከረም 22 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለከፈለኝ፣

እንደምን ከርመሃል? የስዊድን ብርድ፣ የሥራው ድካም፣ የብቸኝነቱ ነገር እንዴት ይዞሃል? እኛ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም፤ ተመስገን። የወንድምህ ልጅ ቀጸላ ደካ ላይ ማስተማሯን ቀጥላለች፤ ለመስቀል መጥታ ትናንት ተመለሰች። እህትህ ዓባይነሽም ማንኪራ ከቡናዋና ከቀፎዋ ጋር ደህና ናት። ጉልበቴን ትላለች እንጂ ምላሷ አንተ እንደምታውቀው ነው።

አሁን የምነግርህ ወሬ አለኝ። ቦንጋ ሙዚየም ሊከፈትላት ነው። አትሳቅ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረውን ቤት ኖራ ቀብተው መስኮት አወጡለት። ኃላፊ ሆኖ የመጣው አብነት የሚባል የጅማ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ትሑት፣ ሲናገር ግማሹ እንግሊዝኛ። «ኮሌክሽን» ይላል፤ ዕቃ ማለቱ ነው። ከየገጠሩ ጦርና ጋሻ፣ የማር ጋን፣ የቀርከሃ ሥራ፣ የድሮ አምባር ሰብስቧል። አንድ የሥዕል አስተማሪ የሳላቸው የገበያና የጫካ ሥዕሎችም አሉ። የዱር አራዊቱ ክፍል ግን የሣህሌ ነው። ባለቤቴ ባዮሎጂ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ጋር ያደረቃቸው ወፎች፣ ቢራቢሮዎቹ፣ ያቺ ጥርሷን ያወጣችው ጉሬዛ፣ ሁሉም ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ወጡ። ስማቸውን በካፊኖኖና በአማርኛ የጻፈባቸው ወረቀቶች እንደተንጠለጠሉ ናቸው። የእጅ ጽሑፉን እያየሁ ብዙ ስቆም አብነት ወንበር አመጣልኝ።

ይኸው ልጅ ቤቴ መጥቶ የሣህሌን በርጩማ አየ። «ይህንን ይስጡን፣ ለመምህር ሣህሌ አንድ ጥግ እንሥራለት» አለኝ። መጀመሪያ እንቢ አልኩ። እሱ አያውቅምና የእኛን ወገን ሥርዓት ነገርኩት። አባወራ በሕይወት ካለ፣ ሩቅ አገር እንኳ ቢሄድ፣ በርጩማው በሩን እያየ ይቆማል፤ ማንም አይቀመጥበትም። የሞተ ዕለት ተገልብጦ በፊቱ ይደፋል። የተደፋ በርጩማ ያየ ሰው መርዶ ነጋሪ አያሻውም። ለቅሶው ሲያበቃ ልጁ ወይም ወንድሙ አንስቶ ይቀመጥበታል፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱ አባት እሱ ነው። የእኛው ግን ሣህሌ በደርግ ዘመን ከአንተ ጋር ተሰዶ ከወጣ ጀምሮ በሩን እያየ ቆሟል አልኩት።

ኋላ ሳስበው፣ እኔ ብቻ ከማየው አገር ይየው፣ ስሙ ይጠራ ብዬ ሰጠሁት። ሙዚየሙም ውስጥ በሩን እያየ እንዲቆም አስምዬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ከበርጩማው አጠገብ የሚሰቀል ካርድ አለ። «መምህር ሣህሌ፣ ከ1938 እስከ…» ብሎ አብነት ብዕሩን ይዞ አየኝ። ክፍቱን ተወው አልኩት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቀጸላም ነገር አለ። አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ጥሩ ልጅ፣ ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ጊዜ ጠይቆ መለስኩት። ሽማግሌ የሚቀበል የቤት አባት ነው፤ አባቷ በሕይወት እያለ በእሱ በርጩማ ላይ ማን ተቀምጦ ይቀበላቸዋል? የልጅቷ ነገር ያስጨንቀኛል። መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህና እንዴት እንደተለያያችሁ እንደገና ጻፍልኝ።

የወንድምህ ሚስት
በዛወርቅ


ኡሜዮ፣ ስዊድን
ታኅሣሥ 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በዛወርቅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ እጅ በመንሣት ይድረስዎ። የእርስዎ ጤንነት፣ የልጄ የቀጸላ ጤንነት፣ የእህቴ የዓባይነሽ ጉልበት እንዴት ነው? እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

የሙዚየሙን ወሬ ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ። እዚህ እኔ ባለሁበት ከተማም እንዲህ ያለ ሙዚየም አለ። የገበሬ ማረሻ፣ ቀለም የተቀባ ሣጥን፣ የደረቀ አጋዘን፣ የአገሩ ሰው የሳለው የበረዶ ሥዕል በየክፍሉ ተደርድሯል። በዚህ ወር ፀሐይ ብቅ እንዳለች ስለምትጠልቅ፣ መብራትና ሙቀት ስላለው እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ወንበር አለ፣ በገመድ ታጥሯል። ሰዎቹ አልፈው ይሄዳሉ። እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።

ለጋሼ ሣህሌ ጥግ የሚሆን መስታወት እንዲያሠሩ ትንሽ ገንዘብ በሰው ልኬያለሁ። ለቀጸላም ሹራብ አለበት። ልኩ ካልሆናት ይጻፉልኝ።

የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ከባሮ ማዶ ተለያየን፤ ስንለያይ ደህና ነበር።

አክባሪዎ ታናሽ ወንድምዎ
ከፈለኝ


ቦንጋ
የካቲት 30 ቀን 1991 ዓ.ም.

ወንድሜ ከፈለኝ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ብጽፍልህ አትቀየመኝ፣ ዛሬ ልቤ ሙሉ አይደለም። ገንዘቡም ሹራቡም ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሹራቡ ልኳ ነው።

ሙዚየሙ ባለፈው እሁድ ተከፈተ። ባለሥልጣኖች መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ተማሪዎች ዘመሩ። ዓባይነሽ ከማንኪራ ዘመድ አስከትላ፣ ነጭ ለብሳ፣ ለወንድሟ ክብር አንድ ቅል ማር ይዛ መጣች። እኔ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ፊት አስቀምጠውኝ ስለነበር እሷ ቀድማኝ ገባች።

አብነት ምን እንደሠራ ልንገርህ። ከበርጩማው ሥር አባታችሁ የቀረጸው የቤተሰብ ምልክት አለ አይደል? ያ ለሰው እንዲታይ ብሎ፣ በዚያው ጠዋት፣ ያስማልኩትን ረስቶ፣ በርጩማውን ገልብጦ ቀይ ጨርቅ ላይ ደፋው። ያንተን መስታወት ራሱ በላዩ አደረገበት። ጥበቡ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው ብሎ ነው፤ ልጁ በጎ ነው ያሰበው። ለአብነት የእንጨት ሥራ ነው፤ ለዓባይነሽ ግን የወንድሟ መርዶ ነበር።

ጩኸቷን ውጭ ሆኜ ሰማሁትና ከባለሥልጣኖቹ ጋር ገባሁ። ማሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከኋላዋ የነበሩት የማንኪራ ሰዎች ምልክቱን አዩና ደረት መምታት ጀመሩ፤ ወንዶቹ ከግድግዳው ላይ የሙዚየሙን ጦር አውርደው እንደ ጀግና ለቅሶ ዘለሉበት። ባለሥልጣኖቹ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? አጨበጨቡ። የባህል ትርኢት የተዘጋጀላቸው መስሏቸው። ካሜራ የያዘው ልጅ ዓባይነሽ ፊት ድረስ ተጠጋ። አንዱ እንግዳ ጎንበስ ብሎ «በጣም ግሩም ፕሮግራም ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ መቆምም መቀመጥም አቅቶኝ እዚያው ደረቅሁ። የሣህሌ ጉሬዛ ጥርሷን አውጥታ ታየኛለች።

ከዚያ ቤቴ በለቅሶኛ ተሞላ። ንፍሮ ይዘው መጡ፣ ፍራሽ መሬት አወረዱ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ጥቁርም አልለበስኩም። «ስህተት ነው፣ ልጁ ስላላወቀ ነው፣ ሣህሌ አልሞተም» እያልኩ ለገባው ሁሉ ስነግር ዋልኩ። ሰው እያዘነልኝ ንፍሮውን ይዘግናል። ዓባይነሽ ብቻ «አንቺ ሴት፣ ያልተለቀሰለት ሰው ማረፊያ የለውም» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። አብነት እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅር አልኩት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አንድ መስመር ጻፍ። «ወንድሜ ሣህሌ አልሞተም፣ በርጩማውን አንሱት» ብለህ ጻፍ። ለዓባይነሽና ለሽማግሌዎቹ አነብላቸዋለሁ። ካንተ አፍ ከመጣ ያምናሉ።

የወንድምህ ሚስት
በዛወርቅ


ቦንጋ
ሚያዝያ 27 ቀን 1991 ዓ.ም.

ወንድሜ ከፈለኝ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። መልስህ አልመጣም። ፖስታ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ገና ከበር ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ታመህ ይሆን ብዬ ስለት ተስያለሁ።

ሳልጽፍልህ የቆየሁት ነገር አለ። እብድ ናት እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። የማንኪራ ሽማግሌዎች የተለቀሰበት በርጩማ ዝም ብሎ አይነሳም፣ የከፈለኝ ቃል ይምጣ አሉ። አብነትም እሺ ብሎ እንደተደፋ ተወው። በማግስቱ ጠዋት ሙዚየሙን ሲከፍት በርጩማው ቆሟል። በሩን እያየ። መስታወቱ ጎን ላይ ተቀምጧል፣ አልተሰበረም። ልጆች ናቸው ብሎ መልሶ ደፋው። በነጋታውም ቆሞ አገኘው።

ዘበኛው ሰማን ነው፤ ገበያው ጥግ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው፣ ሱቁን ለልጁ ለሙፊዳ የተወው። ታማኝ ሰው ነው፤ ሌላ ቁልፍም የለም። «እትዬ፣ ወላሂ በሩ ላይ ነው የምተኛው፤ በላዬ የተሻገረ የለም» አለኝ። ፊቱን አይቼ አመንኩት። አሁን የምጠብቀው ባዶ ቤት ሳይሆን ሰው የገባበት ቤት ይመስለኛል ይላል። ሲነጋ ቁርኣን ሳይቀራ አይከፍትም። ተማሪ ሊያስጎበኙ የመጡ አስተማሪዎች የዱር አራዊቱን ክፍል ሳያዩ ይመለሳሉ። ወፎቹ ላይ አቧራ አያርፍም ይላሉ፤ እሱ እንኳ የሰው ወሬ ነው፣ እኔ አቧራ አይቻለሁ።

እኔ እንዳልሆንኩ በልጄ እምልልሃለሁ።

ጠዋት ጠዋት፣ አብነት ሲከፍት፣ አብሬው እገባለሁ። እጄን በርጩማው ላይ አሳርፋለሁ። አንዳንድ ቀን ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ይሞቃል። መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም፤ ደስ አለኝ። ይኸው አልደፋ አለ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው እላለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን፣ በሕይወት ያለ ሰው በራሱ እግር ይመጣል እንጂ በርጩማ ምን ያነሳል የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ያኔ እፈራለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት የድሮ ደብዳቤዎችህን ሣጥኑ ውስጥ ሳስተካክል አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ከካርቱም የላክኸውም፣ ከስዊድን የላክኸውም፣ ሁሉም ላይ «ከባሮ ማዶ ተለያየን፤ ስንለያይ ደህና ነበር» ይላል። አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ሰው ያየውን ሲያወራ አንዴ ያስረዝማል፣ አንዴ ያሳጥራል። አንተ ግን እንደ ጸሎት ደገምከው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁህም። አሁንም አልጠይቅህም። ያቺን አንድ መስመር ብቻ ላክልኝ።

የወንድምህ ሚስት
በዛወርቅ


ኡሜዮ
ሰኔ 29 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በዛወርቅ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። አልታመምኩም። ወረቀት አውጥቼ እቀመጥና ተመልሼ እከተው ነበር።

ስለ ለቅሶው ሊጽፉልኝ ይችላሉ? ዓባይነሽ ምን ብላ አለቀሰች? የአባታችንን ስም ከእሱ ስም ጋር ጠራች? ተማሪዎቹስ መጥተው ነበር? ካህን ፍትሐት አድርጎለት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ካልተደረገ እባክዎን ይደረግ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ እልካለሁ።

አሁን እዚህ ሌሊቱ አይጨልምም። በክረምት የነገርኩዎት ሙዚየም ሄጄ ነበር። ያ የገበሬው ወንበር ገመዱ ተፈትቶ ወደ ሌላ ክፍል ተወስዷል። ወለሉ ላይ የአራት እግሩ ምልክት ቀርቷል። አስተናጋጇ አሞሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ጊዜ፣ ካርቱም ሳለሁ፣ ሰው ልጠይቅ ወደ ባሮ በኩል ወርጄ ነበር ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ያስታውሱት ይሆናል። ከወንዙ ዳር ትልቅ የሾላ ዛፍ አለ። ጥላው ሰፊ ነው፣ ጎርፉም አይደርስበትም። ወፍ ይበዛበታል። ጋሼ ቢያያቸው የአንዳንዱን ስም ያውቀው ነበር። እኔ አላውቃቸውም። ድንጋዮቹ እንደነበሩ ነበሩ። እነሱን አስተካክዬ፣ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ እናታችን እማማ አፀደ በሕይወት ነበረች። ቀጸላም ገና መናገር መጀመሯን ጽፈውልኝ ነበር።

አብነት ለካርዱ ዓመት ፈልጎ ነበር ብለውኛል። ኅዳር 1970 ይበል።

በርጩማውን አያንሱት፤ እንደተደፋ ይቆይ።

ታናሽዎ
ከፈለኝ


ቦንጋ
ነሐሴ 25 ቀን 1991 ዓ.ም.

ከፈለኝ፣

ደብዳቤህን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ዝናብ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ። አብነትን ውጣልኝ አልኩት፣ ወጣ። በርጩማው ያን ቀንም እንደ ልማዱ ቆሞ ነበር።

ተቆጥቼሃለሁ። ይህን ሳልነግርህ ሌላ ነገር ልጽፍልህ አልችልም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሚስት አድርገህ አቆየኸኝ። ሰው ባሏ የሞተባት ሲለኝ እኔ ስሳደብ ኖርኩ። ሌላ ባል ሊሰጡኝ የመጡትን በውሻ አባረርኩ። ልጄን አባትሽ ሲመጣ እያልኩ አሳደግኳት። ደግሞም መልሼ ሳስበው፣ ያን ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን፣ ሆዴ ውስጥ ቀጸላን ይዤ፣ አብዮት ጠባቂ ደጃፌን እየረገጠ፣ እማማ አፀደ አልጋ ላይ ሆና፣ በሕይወት እተርፍ ነበር? አላውቅም። ልርገምህ ወይስ ልመርቅህ ገና አልወሰንኩም። ሁለቱንም በአንድ ቀን አደርጋለሁ፤ ጠዋት ረግሜህ ማታ እመርቅሃለሁ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተቀመጥኩበት። ለሴት አይሆንም፣ ለማንም አይሆንም፣ አውቃለሁ። ሙቅ ነበር። ወፎቹ ዙሪያዬን ናቸው፣ ሁሉም የሱን ጽሕፈት አንገታቸው ላይ አስረዋል። «ሣህሌ፣ ከፈለኝ ነገረኝ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ስለ ሾላው ዛፍ ነገርኩት፣ እሱ ግን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ስለ ቀጸላም ነገርኩት። ያንን አያውቅም ነበርና ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ተነስቼ በገዛ እጄ ደፋሁት። መስታወቱን በላዩ አደረግሁበት። ሰማን ሊያግዘኝ መጥቶ ነበር፣ ተው አልኩት።

ማንኪራ ልኬ ዓባይነሽን አስጠራሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ጥቁር ለብሼ አየችኝ። አቅፋኝ ገባች። ያኔ የተመለሱት ሁሉ እንደገና መጡ፤ ተማሪዎቹ የነበሩት፣ አሁን ሽበት ያወጡት፣ መጡ። ዓባይነሽ የአባታችሁን ስም ከሱ ስም ጋር ጠርታለች፤ ጠይቀህ ነበርና። ፍትሐቱም ተደረገ። ቀጸላ ከደካ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የማታውቀውን ሰው እንዴት ታልቅስ ብዬ ስፈራ፣ ከሁላችንም በላይ ያለቀሰች እሷ ናት። አብነት ካርዱን ጽፎ ሰቀለው፤ አሁን ባዶ ቦታ የለውም።

ማን ሲያነሳው እንደነበር አልጠየቅሁም፣ ሰማንም መጠየቁን ተወው።

አሁን የማዝህን ስማ። ገንዘብ አትላክ፣ ሹራብም አትላክ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ለቅሶው ሲያበቃ የተደፋ በርጩማ የሚያነሳው ልጅ ነው፣ ወንድ ልጅ ከሌለ ወንድም። ሣህሌ ካንተ በቀር ወንድም የለውም። የቀጸላ ሽማግሌዎች ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ፤ ይምጡ ብያለሁ። አብነት ለዚያ ቀን ዕቃውን ከሙዚየሙ አውጥቶ ቤቴ ሊያመጣው ለአለቆቹ ጽፎ አስፈቅዷል፤ «ተንቀሳቃሽ ኤግዚቢሽን» ብሎታል። የሚቀመጥበት ሰው ግን ከዚህ አላገኝም። በአውሮፕላን ነው፣ በመርከብ ነው፣ በእግርህ ነው፣ አላውቅም። መጥተህ በገዛ እጅህ አንሳው፣ ተቀመጥበት፣ ልጅህን ዳር። ስለ ባሮም የቀረውን እዚያው ተቀምጠህ ትነግረኛለህ፣ በዚያች በአንዲቷ መስመር ሳይሆን ከመነሻው።

ካልመጣህ ማንም አይነካውም። ለዓባይነሽም ነግሬአታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሙዚየሙ ሲከፈት ሄጄ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተደፋ ነው። እጄን አሳረፍኩበት፤ ቀዝቅዟል።

የወንድምህ ሚስት የነበርኩት
በዛወርቅ